ስማቸው የተረሳ የልጆች መጻሕፍትን ስለመፈለግ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን ለምትመሩ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ በውሰት መስጫው ጠረጴዛ ለተቀመጣችሁ ባልደረቦቼ
ጉዳዩ፦ ርዕሱ የተረሳ የልጆች መጽሐፍ ለሚፈልግ አንባቢ ስለሚሰጥ አገልግሎት

ክቡራንና ክቡራት፣

ከሰላምታ ቀጥሎ ራሴን ላስተዋውቅ፤ በደሴ ከሃያ ዓመት በላይ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በእነዚያ ዓመታት የካታሎግ ካርድ ጽፌአለሁ፣ መደርደሪያ አስተካክያለሁ፣ ሰኔ 30 በደረሰ ቁጥር ለቆጠራ ስል አቧራ ውጬአለሁ፤ ከሁሉም አብልጦ ያደከመኝም ያስደሰተኝም ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ሌላ ነገር የፈለገ መስሎ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ማፈር እያለ፣ «ልጅ ሆኜ ያነበብኩት መጽሐፍ ነበር፤ ስሙ ጠፋኝ» ይላል።

ይህ ጥያቄ በሥራ መዘርዝራችን ውስጥ የለም። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ የተስተናገደ አንባቢና የተዋሰ መጽሐፍ ይቆጠራል፤ ሁለት ሳምንት ተፈልጎ የተገኘ፣ ወይም ተፈልጎ ያልተገኘ መጽሐፍ የሚሞላበት ቦታ ግን አይገኝም። የምጽፍላችሁ ይህ ድካም ሥራ ተብሎ እንዲታወቅ፣ ከዚያም በላይ አንድም የልጆች መጽሐፍ በውስጡ ምን እንደነበረ ሳይመዘገብ ከመደርደሪያ ወርዶ እንዳይወገድ ለመለመን ነው።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና የማንበቢያ ክፍሉ ከጉሙ የተነሳ በቀን መብራት ሲፈልግ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ከኮምቦልቻ መጣ። ጃንጥላውን በሩ ላይ አራግፎ፣ «እትዬ፣ ለልጄ የማነብላት አንድ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር፤ ድብ ያለበት ነው» አለኝ። የመጽሐፉን ስም አልጠየቅሁትም፤ ቢያውቀው ኖሮ እኔ ዘንድ ምን አመጣው? የት ተቀምጦ ያነበው እንደነበር፣ ማን እንደገዛለት፣ ሲነካው ወረቀቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅሁት። አባቱ ነጋዴ እንደነበሩ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዱ እንደነበር፣ መጽሐፉን ግን የገዙለት ደሴ መሆኑን፣ ወረቀቱም ከትምህርት ቤቱ መጽሐፍ በተለየ የሚያብረቀርቅ እንደነበር ነገረኝ። ሥዕሉን ሲያስታውስ ዓይኑን ጨፈነ። «ሻሿን አገጯ ሥር የቋጠረች አሮጊት አለች። ቤቷ ከግንድ የተሠራ ነው። ደጁ በሙሉ ጨው ነው።»

«ጨው?»

«አዎ፣ ጨው። ድቡም የሚሄደው ጨው ላይ ነው፤ እግሩ ይሰምጥ ነበር። አባቴ ከባቲ የሚያመጣው ዓይነት ነጭ ጨው።»

ይህን ብሎ ዓይኑን ገለጠና ለራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ፍለጋው ግን እዚያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። በረዶን የሚያውቀው ቆርቆሮ ላይ ተንጣጥቶ ሲቀልጥ እንጂ ሜዳ ሸፍኖ ሲከርም አይቶ የማያውቅ ልጅ ያንን ነጭ ሜዳ ጨው ቢለው አያስገርምም። ሜዳው በረዶ ከሆነ፣ ቤቱ የግንድ ከሆነ፣ አሮጊቷም ሻሿን እንደዚያ ካሰረች፣ መጽሐፉ የመጣው ከወዴት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በደርግ ዘመን ፕሮግሬስ የተባለው የሞስኮ አሳታሚ በአማርኛም ያሳትም ነበር፤ የሩሲያ ተረቶችም ባለ ቀለም ሥዕል ሆነው በአማርኛ እየታተሙ በቅናሽ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈለግሁት «ድብ» የሚለውን ቃል ሳይሆን የሞስኮ መጻሕፍትን ያላስወገደ ሰው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ካርቶን ውስጥ ወጣ። ሽፋኑ የለም፤ ሁለቱ የሽቦ ስፌቶች ዝገው ወረቀቱን ቡናማ አድርገውታል፤ በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ አንድ ልጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይህን መጽሐፍ የወሰደ ይመልስ» ብሎ ጽፎበታል። ሰውየው ገጹን ገልጦ ያቺን አሮጊት ሲያያት መጀመሪያ ያለው «አጭር ናት እንዴ!» ነበር።

ባልደረቦቼ፣ ስለ አጠያየቁ ጥቂት ልበል፤ ፍለጋው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነውና። የተረሳ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ ይመራል። «አንበሳ ነበረበት?» ካላችሁት «አዎ መሰለኝ» ይላችኋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንበሳው በትዝታው ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ማስወጣት አይቻልም። ስለዚህ አፍ የሚያስከፍት ጥያቄ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን የሚጠቅመው ነገር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሰውየው «እንግዲህ ይኸው ነው» ብሎ ሊነሳ ሲል ነው። ቃሉን ሳታርሙ እንደተናገረው ጻፉት፤ እኔ ያን ጊዜ «ጨው» የሚለውን ሰርዤ «በረዶ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ ማስታወሻውን በማግሥቱ ያነበበች ባልደረባዬ ነገሩን በጨው ብቻ የሚያስታውስ ሌላ ሰው ቢመጣ አታውቀውም ነበር። በትዝታ ውስጥ ጦጣና ዝንጀሮ ይለዋወጣሉ፤ የሽፋን ቀለምም እንዲሁ። የማይለዋወጠው፣ እኔ እንደታዘብኩት፣ ልጁን ያስፈራው ወይም ያስራበው ነገር ነው። ምግብ ያለበት ገጽ አይረሳም።

ትዝታ ቦታንም ይለውጣል። አንዲት የሆጤ ሰፈር እናት፣ ቀዝቃዛ ተራራ ላይ ራቁቱን ስላደረ ሰው የሚናገር የአማርኛ መጽሐፍ ትፈልግ ነበር። ተራራው ጦሳ ነው አለችኝ፤ እርግጠኛ ነበረች፤ ሥዕሉንም አይቼዋለሁ አለች። ታሪኩ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም፤ ሰውየው ያለ ልብስና ያለ እሳት ሌሊቱን ተራራ ላይ ሊያድር ይወራረዳል፤ አንድ ሽማግሌ ከማዶ እሳት ያነድድለታል፤ እርሱም ያንን እሳት ሲያይ አድሮ በሕይወት ይወርዳል፤ ሀብታሙ ግን «እሳት አይተሃልና ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን በወጥ ሽታ ብቻ አስቀምጦ ፍርዱን ያስገለብጣል። በአማርኛ መደርደሪያ ላይ የቻልኩትን ሁሉ ፈለግሁ። በጦሳ የሆነ አንድም አልነበረም። በመጨረሻ፣ «ያነበብሽው አንቺ ነሽ ወይስ ተነበበልሽ?» ብዬ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና የሦስተኛ ክፍል መምህሯ መጽሐፉን ይዘው ፊት ለፊታቸው ቆመው ያነቡላቸው እንደነበር አስታወሰች። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ይህ ታሪክ አለ፤ ተራራው ግን ሱሉልታ ነው። መምህሯ እንግሊዝኛውን እያዩ በቃላቸው በአማርኛ ይተርኩላቸው እንደነበር ገመትን፤ ሱሉልታን ለማያውቅ የደሴ ልጅ ጦሳን በመስኮት ማሳየት ይቀልላልና። ይህች እናት ያለችው መጽሐፍ በአማርኛ ታትሞ አያውቅም ማለት ነው፤ ቢሆንም ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ በእንግሊዝኛው ክፍል ሁልጊዜም ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ የሚፈለገው መጽሐፍ ጭራሹን መጽሐፍ አይደለም። ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል፤ የተረት መጻሕፍትም አሳትመዋል። በጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት መሬት ላይ ተኮልኩሎ የሰማውን ታሪክ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «አንብቤዋለሁ» ብሎ የሚምል ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ሰው «ተሳስተሃል» ማለት ጥቅም የለውም፤ ድምፅ ይሰማህ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

አሁን ስለ ካታሎጋችን። ካታሎግ የሚመልሰው በደራሲ፣ በርዕስ ወይም በትምህርት ዘርፍ ለጠየቀ ሰው ነው፤ ልጅ ግን የደራሲ ስም አያነብም። መጻሕፍትን በቁጥር በሚለየው በዲዊ አመዳደብ ተረት በ398.2 ሥር ይገባል፤ ያው የጅብና የአህያ ታሪክ ደራሲ ስሙን ጽፎበት ከታተመ ደግሞ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጋር ይደረደራል፤ አያ ጅቦ በሁለት ክፍል ይኖራል ማለት ነው። እኛ ደራሲን የምንመዘግበው በራሱ ስም ነው፤ ከውጭ የመጡት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ግን የመጨረሻውን ስም ያስቀድማሉና፣ ያልተጠነቀቀ መዝጋቢ የደራሲውን አባት ደራሲ አድርጎ ቁጭ ይላል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የፊደላችን ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው፤ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበን ርዕስ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ አንባቢ «አልተገኘም» የሚል መልስ አግኝቶ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ከጀርባው እያለ። ፊደላችን ኮምፒዩተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በተባሉ የመተየቢያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ዝርዝሮች ዛሬም በየቢሮው አሉ፤ ሲታተሙ ይነበባሉ፣ ሲፈለጉ ግን ምንም አያወጡም። እነዚህን ዝርዝሮች የሚቀይር ወጣት በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም፤ የሚያዘው ሰው ነው የጠፋው።

አንባቢን አነጋግሮ መጽሐፉን የመፈለጉን ሥራ እኛ የፈጠርነው አይደለም። ሜልቪል ዲዊ የመጽሐፍ አመዳደቡን ባሳተመበት በ1876 እ.ኤ.አ.፣ ሳሙኤል ግሪን የተባለ የማሳቹሴትስ የቤተ መጻሕፍት ሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከአንባቢው ጋር ተነጋግሮ የሚፈልገውን እንዲያገኝ መርዳት እንዳለበት የሚከራከር ጽሑፍ አሳትሟል። ከሁለቱ አንዱን፣ ቁጥሩን፣ ተቀብለን ከመጽሐፉ ጀርባ ለጥፈነዋል። ሌላውን ግን ገና በደንብ አላስገባነውም።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ክስ አይደለምና። በአንድ የበጀት ዓመት መጨረሻ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ያረጁና የተቀደዱ የልጆች መጻሕፍት ከነካርቶናቸው በኪሎ ተሸጡ። ከሳምንት በኋላ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቁንዶ በርበሬ ስገዛ የተጠቀለለልኝ በአንድ የፍየል ሥዕል ነበር። ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ በጉልበቴ ላይ አስተካከልኩት፤ ገጽ 11 ነበር። መጻሕፍቱ አርጅተው ነበር፤ ይህን አልክድም። ጠርዛቸው በልጆች ጣት ጠቁሯል፣ መጠረዣቸው ለቅቋል፣ ለውሰትም አይሆኑም ነበር። የቆጨኝ መሸጣቸው ብቻ አልነበረም። የማስወገጃ ሰነዱን ሳየው መጻሕፍቱ ሁሉ በአንድ መስመር «ልዩ ልዩ የልጆች መጻሕፍት» ተብለው ሰፍረዋል። ርዕስ የለ፣ ደራሲ የለ፣ ስለምን እንደሆኑ የለ። ለጠረጴዛና ለወንበር እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሕጉ ማንኛውም አሳታሚ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ እንዲያስገባ ስለሚያዝ፣ ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ አዲስ አበባ ይገኙ ይሆናል፤ ነገር ግን ርዕሱን የማያውቅ የደሴ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አንድ የልጆች መጽሐፍ ከመወገዱ በፊት አንድ ሠራተኛ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ ታንብበው፤ አብዛኞቹ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጁም። ርዕሱና ደራሲው ካሉ ትመዝግብ፤ ቀጥላም ልጅ በሚያየው ዓይን ትጻፈው፦ ማን አለበት፣ ምን ጠፋ፣ ምን ተበላ፣ ማን አለቀሰ፣ መጠኑ ከመዳፍ ይበልጣል ወይ፣ ሽፋኑ ምን ይመስላል። ሽፋኑን በስልኳ ፎቶ ታንሳው። ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ እያነሣን እንበትን አላልኩም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ የሽፋን ምስልና ሦስት መስመር መግለጫ ግን ፍለጋ ለማገዝ ይበቃል። በውሰት ጠረጴዛውም ላይ አንድ ወፍራም ባለ መስመር ደብተር ይቀመጥ። የሚፈለገው መጽሐፍ በጠያቂው አፍ እንደተነገረ ይጻፍበት፤ ሲገኝ ከጎኑ እንዴት እንደተገኘ ይታከልበት። የእኔ ደብተር እስከ ጡረታዬ ድረስ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ሦስተኛው ቶሎ ቶሎ መልስ ይሰጥ ነበር፤ ሰዎች የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ መጽሐፍ ነውና። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከባቲ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጋር አንድ የቴሌግራም ቡድን ቢከፈት፣ እኔ በሦስት ወር ያገኘሁት ድብ ምናልባት በአንድ ቀን በተገኘ ነበር።

ጊዜና በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ለአለቆቼ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። የማንበቢያ ክፍሎቻችን ከጧት እስከ ማታ ለብሔራዊ ፈተና በሚዘጋጁ ተማሪዎች የተሞሉ ናቸው፤ አብዛኞቹ የራሳቸውን ደብተር ይዘው ይመጡና የእኛን ወንበርና ጸጥታ ተጠቅመው ይሄዳሉ። አልቃወምም፤ ቤታቸው ጠባብ ነው። ሆኖም ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ መታወቂያ እየተቀበለች ስትመልስ ብቻ ከዋለች፣ ያን ሥራ ጥበቃውም ሊሠራው ይችላል። ደብተሩ የሚጠይቀው የአንድ ደብተር ዋጋና የኃላፊውን «ይሠራ» የሚል ፊርማ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ቤቱ ተበርብሮ የልጅነት መጽሐፉን ከነሣጥኑ ያጣ ሰው ምን ያህል እንደሆነ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጣችሁ ካልሆነ በቀር አታውቁትም።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ መጥቼ ከአዲሶቹ ሠራተኞች ጋር ለመቀመጥ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሦስቱንም ደብተሮች አስረክባለሁ። በሦስተኛው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ያልተዘጋ አንድ ፍለጋ አለ። ጠያቂዋ ነርስ ናት፤ መጽሐፉን ያነበበችው ከላይ ባልኩት ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ፣ «ልዩ ልዩ» ከተባሉት አንዱ እንደነበር እገምታለሁ። በቃሏ እንደጻፍኩት ይኸው፦ «ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ቢጫ። አንዲት ልጅ እንስራ ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች። እንስራው ይናገራል፤ ግን ሲሞላ ዝም ይላል። ልጅቷ መንገድ ላይ ለአንዲት አሮጊት ውሃ ታጠጣለች፤ ከዚያ እንስራው አንድ ነገር ይላታል። እኔ ሳነበው የመጨረሻው ወረቀት ተቀዶ ነበር፤ ምን እንዳላት አላውቅም።» ይህን መጽሐፍ የምታውቁ፣ ወይም ወረቀቱ ሳይቀደድ ያነበባችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለው ቤተ መጻሕፍት ንገሩልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
ደሴ